የብርጓል የተሳለችው

ሮብ ገበያ
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ፍቅርአዲስ፣

እንደምን ከረሙ? ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ ተማሪው ሁሉ እንደምን ይዞዎታል? እኔና እማ ሚካኤል ይመስገን ደህና ነን። በሬዎቹ ደህና ናቸው። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ አልነካውም። እማ ሰላም በይልኝ ብላለች። «ከስታ እንደሆነ ጠይቂልኝ» ማለቷን አልጽፈውም ብዬ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ደብዳቤያችንን የሚያመላልስልን ድንች ጫኙ ሚንሃጅ ነው። መንገድ ተከፈተ ሲባል ከእኛ ዘንድ ድንች ጭኖ በማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያ ለአርባ ምንጭ አውቶቡስ ሹፌር ይሰጥልናል። መንገድ ሲዘጋ አማኑኤል ከተማ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ደብዳቤውም አብሮት ይተኛል።

«ውጤቱ መጣ ወይ? ለምን ዝም አልሽኝ?» ላሉኝ፣ መጥቷል። ዝም ያልኩት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደግ ነገር በዝቶብኝ ነው። ሚኒስቴሩ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መድቦኛል፣ የውኃ ምሕንድስና። ክረምቱን ማርቆስ ወርጄ የተፈተንኩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተናም ተሳክቶልኝ «ጂኦሎጂ ተቀብለንሻል» ተብያለሁ። ሁለቱን መያዝ አይቻልም። ኅዳር ሳያልቅ አንዱን መርጬ ሌላውን መልቀቅ አለብኝ። ዳይሬክተራችንን አቶ መሳፍንትን ብጠይቃቸው «ሁለቱም አንቱ የተባሉ ናቸው፤ በየትኛውም አታፍሪም» አሉኝ። ለሳቸው ቀላል ነው።

የከበደኝ የእማ ስለት ነው። ካለፈው ዐቢይ ጾም ጀምራ ጥጥ ስትፈትል ነበር፤ ለሚካኤል መጋረጃ ልታስገባ። ስለምን እንደተሳለች ብጠይቃት «ስለት ሳይደርስ አይወራም» ብላ እንዝርቷን ታሾራለች። የእኔ ውጤት በመጣ ማግስት ፈትሉን ይዛ ሸማኔ ቤት ሄደች። እንግዲህ ስለቷ ደርሷል፤ ነገሩም የእኔ ነገር ነው። ግን የትኛው? ቄስ ገዳሙ «እናት ምን ትሳላለች? ልጄን አታርቅብኝ ትላለች እንጂ» ይላሉ። ጎረቤቱም እንደዚያው ነው። ባሕር ዳር ጠዋት የወጣ ሰው ማታ ይገባል። አባቴ የሺዋስ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን። አዲስ አበባን ብመርጥ ሚካኤል የሰጣትን መልሼ መግፋቴ አይደለም?

ደግሞ ፈትሉ ያነሳት መስሎኝ፣ ከአያቴ ሙዳይ ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ ልቃቂት አውጥቼ ብሰጣት ከእጄ ነጠቀችኝ። «ይሄ የሌላ ነው» አለችና መልሳ ከደነችው። እንዲያ ተቆጥታኝ አታውቅም ነበር።

እርስዎ እህቷ ነዎት። ምን የተሳለች ይመስልዎታል? እናቴስ ለምን አልተማረችም? እርስዎስ መቼ ይመጣሉ?

የእህትዎ ልጅ
የኔአለም የሺዋስ


አርባ ምንጭ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔአለም የኔ ብልህ፣

እልልልል! መምህራን ክፍል ውስጥ ደብዳቤሽን ሳነብ እልል ብዬ ርዕሰ መምህሩ በር ከፍተው አዩኝ። ምን አገባኝ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንነጋገር፦ «እርስዎ» ያልሽኝን መልሼልሻለሁ። ደብዳቤውን አንብቤ መስተዋት ፊት ቆምኩ፤ እውነትም ሽበት አየሁ። በሞቴ «አንቺ» በይኝ። ለእናትሽም አልከሳሁም በያት፤ እንዲያውም ቀሚሱ አልገባ ብሎኛል። የእሷስ ጉልበት እንዴት ነው?

ባሕር ዳር! ልጄ፣ ምኑን ልንገርሽ። መምህርነት ልማር ፔዳ ግቢ ስገባ አንቺ አሁን ካለሽበት ዕድሜ ብዙም አልበልጥም ነበር። ከሮብ ገበያ የለበስኩትን ወፍራም ጋቢ ሐይቁ ዳር ስደርስ ማውለቅ አፈርኩ። ላብ እያጠበኝ ዋልኩ። እዚያ አገር ያኔ ሰው ሁሉ ብስክሌት ይነዳ ነበር፤ ቄሱም፣ ዳኛዋም፣ ዶሮ ሻጩም። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተማርኩ፤ ሰንሰለቱ ነጠላውን ጎርሶት ከነብስክሌቱ ቦይ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳዎች እንጨት ጭነው ሲመጡ ቆሜ እያየሁ ትምህርት ረፍዶብኛል። እስካሁን የዝናብ ጠረን ሲመጣ ያ ግቢ ነው ትዝ የሚለኝ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ወደ ቤት የምመጣበት መንገድ ነው። አውቶቡሱ ደምበጫን አልፎ አማኑኤል ሲደርስ አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ፤ ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ ይቀመጣል። እናትሽ ሮብ ገበያ መናኸሪያ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ትኩስ ድንች ቋጥራ። የምመጣበትን ቀን ማን ይነግራት እንደነበር እስካሁን አላወቅኩም። ያን ድንች እየበላሁ ቁልቁል ቤት ስንወርድ ዓለም የእኔ ትመስለኛለች።

አንቺም ይኼ ይድረስሽ። ስለቱን በተመለከተ ምን ጥያቄ አለው? እህቴን የብርጓልን አውቃታለሁ። ወደ አርባ ምንጭ ስመጣ የአውቶቡሱን በር ይዛ አልለቅ ብላ ረዳቱ ነው ጣቷን አንድ በአንድ ያላቀቀው። እንዲህ ያለች ሴት ልጇ ቅርቧ እንድትሆን እንጂ ሌላ ምን ትሳላለች? ባሕር ዳር ግቢ፤ እሷም ትረፍ፣ አንቺም ትረፊ።

«እናቴ ለምን አልተማረችም?» ላልሽው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚለቀቅ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ሌላው ከብቱንም ውኃውንም መያዝ አለበት። እሷ ታላቅ ስለነበረች ተዳረች፣ እኔ ታናሽ ስለነበርኩ ደብተር ተገዛልኝ። ያኔ እሷ ምን አለች? እንጃ። የጠየቃት ሰው መኖሩን አላስታውስም።

መቼ ትመጫለሽ ላልሽኝ ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ እናወራለን።

አክስትሽ
ፍቅርአዲስ


ሮብ ገበያ
ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፣

አንቺ ልበልሽ ብዬ ጀምሬ እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። ይኸው ለመድኩት። የብስክሌቱን ታሪክ ለእማ አነበብኩላት፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስለ ድንቹ ያልሽውን ሳነብ ግን ተነስታ በጎቹን ልታይ ወጣች። በጎቹ ገብተው ነበር።

እንዳልሽው አድርጌያለሁ ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር እገባለሁ። ለአቶ መሳፍንት ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸው ማርቆስ ሲወርዱ ያሳውቁልኛል። ደስ ብሎኛል። የውኃ ምሕንድስና ጥሩ ነው፤ ግድብና መስኖ ያሠራል። ቄስ ገዳሙም «የእናትሽን ስለት አከበርሽ» ብለው መርቀውኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። እማን ብቻ ደስ ይበላት አይበላት ማወቅ አልቻልኩም። ስነግራት «ልብሽ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ሌላ ወሬ የለም። ከቤታችን በታች ያለው ምንጭ፣ አንቺም የቀዳሽበት፣ እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ደርቋል። እማ አትንገሪያት ብላኝ ስለነበር አልጻፍኩልሽም ነበር። ዳገቱ በተናደበት ክረምት ድንገት ቀጥ አለ፤ በዓመቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ከሰው ማሳ መሃል ሌላ ውኃ ፈለቀ። ቄስ ገዳሙ «ኃጢአታችን በዝቶ ውኃው ሸሸን» አሉ። እኔ ግን የዚያኛውን ውኃ ቀምሼ የእኛ ነው አልኩ። ጣዕሙ ያው ነው፣ ጥርስ የሚነቅል ቅዝቃዜው ያው ነው። ታዲያ ወንዙን ከሥር እንዴት ተሻገረ? ይኼንን አቶ መሳፍንትን ብጠይቃቸው «ይኼን የሚያውቅ ጂኦሎጂ የተማረ ሰው ነው» አሉኝ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ቤቱን በድንጋይ ሞላሽው እያለች እማ ትጮህብኛለች።

ይኼን የጻፍኩልሽ ለወሬ ያህል ነው።

የኔአለም


አርባ ምንጭ
ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔአለም፣

ሚንሃጅን ያቆይልኝ። ይኼ ደብዳቤ በፍጥነት ካልደረሰ እበግናለሁ።

አንቺ ልጅ፣ ማንን ልታታልዪ ነው? ስለ ባሕር ዳር «ደስ ብሎኛል» ብለሽ በአንድ ቃል ጨረስሽው፤ ስለ አንድ ምንጭ ደግሞ ገጹን ሞላሽው። አስተማሪ ነኝ፤ ድርሰት ሳርም ነው የኖርኩት። ልቡ የሌለበትን ተማሪ ከመጀመሪያው መስመር አውቀዋለሁ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ስለቷን ጠይቀሽኝ የነገርኩሽ ናፍቆቴን ነው። የእህቴን ልብ የማውቅ መስሎኝ የራሴን ብስክሌት ነድቼ አሳየሁሽ። ባሕር ዳር መልካም ነው፣ ዛሬም ግቢ ብባል እሮጣለሁ። ግን እኔን ሃያ ዓመት ሊመልሰኝ ተብሎ አንቺ እዚያ አትገቢም።

ምንጩ ደረቀ ማለት ነው? ይኼን ዓመት ሁሉ እዚህ በሙቀቱ አልተኛ ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ የምሄደው እዚያ ነበር። እኔና እናትሽ እንስራ አዝለን ስንወርድ፣ እሷ ቀድማ ትሞላና የእኔን ትይዝልኛለች። አንድ ቀን እንስራዬን ሰበርኩ፤ እሷ የራሷን ሰጠችኝና «እኔ ነኝ የሰበርኩ» ብላ ተገረፈች። ያ ምንጭ ከደረቀ ስንት ጊዜው ነው፣ እኔ ግን በየሌሊቱ ስቀዳ ነበር። አትንገሪያት ማለቷም ደግ አደረገች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ አመዱ መነሳቱን ማን ለአህያዋ ይነግራታል?

አሁን ስሚኝ። አቶ መሳፍንት ማርቆስ ካልወረዱ አስቁሚያቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የሚካኤል ንግሥ ኅዳር 12 ነው። እናትሽ መጋረጃውን የምታስገባው ያን ቀን ከሆነ፣ የስለቱ ነገር በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ በእኛ ጊዜ ዲያቆኑ ጮኾ ይናገር ነበር፣ አሁን ሞንታርቦ ሳይኖራቸው አይቀርም። እስከዚያ አፍሽን ያዢ። ሰምተሽ ወስኚ። እኔን ግን አትስሚኝ፤ እኔ ሐይቅ ያሰከረኝ ሴት ነኝ።

ሞት ይርሳኝና፣ የእናትሽ ጉልበት እንዴት ነው? ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ሁለቴም ዘለልሽኝ።

ፍቅርአዲስ


ሮብ ገበያ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በንግሡ ዋዜማ ነው። ሚንሃጅ መኪናውን ሳያጠፋ በመስኮት ወርውሮልኝ አለፈ። አቶ መሳፍንት ጋር ሮጬ ሄድኩ፤ እግዜር ሲረዳኝ ማርቆስ የሚወርዱት ከበዓሉ በኋላ ነበር። የእማን ጉልበት በተመለከተ፣ ያማታል። ዳገት ላይ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲያይ ጫማዋን የምታስር ትመስላለች። አትንገሪያት ስላለችኝ ነው የዘለልኩት። ከእንግዲህ አልዘልም።

ንግሡን ልንገርሽ። ሕዝቡ ከአራቱም ማዕዘን ወጥቶ ነበር። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ከቆመ በኋላ ስለት መቀበል ጀመሩ። ሞንታርቦ አላቸው፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ይጮኻል። አንዱ ጥላ አስገባ፣ አንዷ ከሕመሟ ድና ጧፍ አስገባች። እማ መጋረጃውን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተሰልፋለች። እኔ ከሴቶቹ መሃል ቆሜያለሁ። ቅርብ አድርግልኝ ያለች እንደሆነ ባሕር ዳር ነው፣ ወሰንኩ፣ አበቃ እያልኩ ነበር። ቄስ ገዳሙ ተቀብለዋት ጆሯቸውን ወደ አፏ አስጠጉ። መልሰው ጠየቋት። ደግማ ነገረቻቸው። ያኔ ማይኩን አነሱ፦

«ወይዘሮ የብርጓል፣ ‹ለእኔ አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ፤ ለልጄ ሁለት ስጣት› ብለው ተስለው ሰምሮላቸዋል። እልል በሉ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እልል ማለት አቃተኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ቄስ ገዳሙ በኋላ እኔን ሲያዩኝ «ታዲያ እኔ ምን አውቄ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን የማሰር ነገር አላስመሰለችም። አጠገቧ ተቀመጥኩና «ታዲያ እማ፣ የትኛውን ልሂድ?» አልኳት።

«ሁለት ስጣት ብዬ ለምኜ፣ አንዱን እኔ ብመርጥልሽ ሚካኤል አይታዘበኝም?» አለችኝ። ደግሞም «እኔን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። አንቺን ስጠይቅሽ ለእናቴ ምን ይበጃል ብለሽ ነው የመለስሽልኝ። እሱን አልነበረም የጠየቅኩሽ» አለች።

ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ አዲሱ ውኃ የፈለቀበት ማሳ ይታያል። «እማ፣ ያ ውኃ የእኛ ምንጭ ነው፤ እንዴት እንደተሻገረ ማወቅ እፈልጋለሁ» አልኳት። «እንግዲያ ሂጂና እወቂ፤ ስትመለሺ ለእኔም ትነግሪኛለሽ» አለች። በማግሥቱ ለአቶ መሳፍንት አዲስ አበባ በሉ አልኳቸው። ከገና በፊት እገባለሁ። ባሕር ዳርን ስለለቀቅኩብሽ አትዘኚብኝ፤ አንድ ቀን ሄጄ ብስክሌት እነዳልሻለሁ።

ባለፈው ለሚንሃጅ የሰጠሁት አጭር ማስታወሻ ደርሶሽ ይሆን? እማ እንደገና መፍተል ጀምራለች ብዬሽ ነበር። ካልደረሰሽ ይኸው፦ አዲስ ጥጥ ገዛች። አሁን ምን እንደምትሳል አልጠይቃትም፤ ገምቼዋለሁ። የገረመኝ ግን የአያቴን ሙዳይ አውርዳ ያን አሮጌ ልቃቂት ከአዲሱ ጎን ማስቀመጧ ነው። «የማን ነው?» አልኳት። «የእናቴ ነው። ያልደረሰ ስለት ነው» አለች። ስለምን እንደሆነ ስጠይቃት እንዝርቷን አሾረች። አንቺ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ።

የኔአለም


አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔአለም ልጄ፣

ማስታወሻው አልደረሰኝም። ደብዳቤሽ ግን ደርሷል፤ በኪሴ ይዤው እዞራለሁ። «ለእኔ አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ» የምትለዋን ማንበብ አልጠግብም፣ ማንበብም አልችልም። እኛ ቤት ውስጥ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔ ይዤው ሄድኩ። እሷ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አላነሳችብኝም፤ ትኩስ ድንች ቋጥራ ትጠብቀኝ ነበር።

አዲስ አበባን መምረጥሽ ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው፤ ይኼን ደግሞ እንደ ድርሰት እረሚው። ባሕር ዳር አይቀየመንም፣ ሐይቁም የትም አይሄድም።

ስለ ልቃቂቱ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ አውቃለሁ። ወደ አርባ ምንጭ የተሳፈርኩ ዕለት እናታችን ጥጥ አውጥታ መፍተል ጀመረች አሉ። ለማንም ምን እንደተሳለች አልተናገረችም። በየደብዳቤው «እማ ምን እየሠራች ነው?» ብዬ ስጠይቅ እናትሽ «ትፈትላለች» ብላ ታስጽፍልኝ ነበር። ለቀብሯ መጥቼ ሙዳዩን ከፍቼ አየሁት። እናትሽ አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ ክዳኑን መለስኩት። በሣልስቱ ተመልሼ ተሳፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬ ያን ደጅ አልረገጠም። ትምህርት ሲዘጋ እናወራለን እያልኩ ስንት ክረምት አለፈ።

እናታችን የተሳለችው ስለ እኔ ነው። ልጄን መልስልኝ ብላ ነው።

ስለዚህ ይኼን አድርጊልኝ። ከመሄድሽ በፊት ያን አሮጌ ልቃቂት ለሸማኔው አድርሺልኝ። እናትሽ ቤት በማትኖርበት ሰዓት ውሰጂው፤ በቦታው ሌላ ፈትል ጠቅልለሽ ተኪበት። ፈትሉ ለመጋረጃ ካልበቃ ለነጠላ ይሁን፣ ለነጠላ ካልበቃ ለታቦቱ መሸፈኛ ይሁን፤ ብቻ ለጥር 12 ይድረስ። በቃና ዘገሊላ ሚካኤል ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ ሲመለስ እኔም አብሬ እመለሳለሁ። ዕረፍቱን አስፈቅጃለሁ። በአዲስ አበባ ሳልፍ ግቢሽ ደጃፍ መጥቼ አይሻለሁ፤ ለእናትሽ የምትልኪውን አዘጋጂ። ድንጋይ ብቻ አታሸክሚኝ።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ማርቆስን ሳልፍ አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ማንም አይጠብቀኝም፤ በዚህ ጉልበቷ ዳገት እንድትወጣ አልፈልግም። ቁልቁሉን ብቻዬን እወርዳለሁ፣ የደረቀውንም ምንጭ አየዋለሁ።

ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ስለት ሳይደርስ አይወራም።

አክስትሽ
ፍቅርአዲስ